የነሐሴ መጨረሻ ባሕር፣ ቤተሰብና ውሻ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሌበር ደይ (በሴፕቴምበር የመጀመሪያው ሰኞ የሚውለው የአሜሪካ የሠራተኞች በዓል) ሲቃረብ በዋሺንግተን ዙሪያ ያለው የሲልቨር ስፕሪንግና የአሌክሳንድሪያ ሐበሻ «ቢች ትሄዳላችሁ ወይ?» እየተባባለ ይደዋወላል። ፍልሰታ ተፈትቷል፣ ትምህርት ቤት ተከፍቷል ወይም ሊከፈት ነው፣ ልጅ ለመጠየቅ ከአዲስ አበባ የመጡት እናት የመመለሻቸው ቀን ደርሷል። ልጆቹ ደግሞ ለምነው ለምነው ያስመጡት ውሻ አለ። ስለዚህ መኪናው ይጫናል፦ ኩለር (የምግብ ማቀዝቀዣ ሳጥን)፣ የዶሮ ወጥ ድስት፣ ጀበና፣ ጃንጥላ፤ ውሻው ከልጆቹ እግር ሥር። በሩት 50 አውራ ጎዳና የቼሳፒክን ድልድይ ተሻግሮ ወደ ባሕር ዳር ከተሞቹ፣ ወደ ሜሪላንዷ ኦሽን ሲቲ ወይም ወደ ዴላዌሯ ሪሆቦዝ፣ ለመድረስ፣ መንገዱ ካልተዘጋጋ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል።

ለዚህ ጉዞ እርስ በርስ የምንሰጣጠው ምክር ብዙ ነው፤ አብዛኛው ግን ደጋ ላይ የተወለደ ነውና ባሕር ዳር ሲደርስ አይሠራም። የምንፈራቸው ነገሮች፣ ማለትም ሻርኩ፣ ጥልቀቱ፣ ውሻው፣ እምብዛም አይጎዱንም። የሚጎዳን የተማመንበት ነው፦ ጸጥ ብሎ የሚታየው ውሃ፣ የለመድነው ፀሐይ፣ «ምን ይለዋል» ብለን ለውሻው የምንጥለው አጥንት።

«አርብ ከሥራ እንደወጣን ብንነሳ ማታ እዚያ ነን»

አትደርሱም። የቼሳፒክ ድልድይ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ አርብ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የዋሺንግተንና የባልቲሞር ሕዝብ ሁሉ እሱኑ ነው የሚጠብቀው። ቅዳሜ ገና ሳይነጋ መነሳት ወይም አርብ ሌሊት መንዳት ይሻላል። ክፍያው ወደ ምሥራቅ ሲኬድ ብቻ ነው፤ ሲመለሱ አይጠየቅም። ከፍታው የሚያስፈራቸው ሰዎች ስላሉ በክፍያ የሰው መኪና ነድተው የሚያሻግሩ ሹፌሮችም አሉ። ስለዚህ ድልድዩን የፈራ ሰው ብቻውን አይደለምና አይፈር።

«ቢች ከሆነ ውሻም ይገባል»

ብዙ ቤተሰብ ይህን የሚያውቀው እዚያው አሸዋው ላይ ቆሞ ምልክቱን ሲያነብ ነው። ኦሽን ሲቲ ውስጥ ውሻ ቢቹም ሆነ ቦርድዎኩ (በባሕሩ ዳር የተዘረጋው የእንጨት መንገድ) ላይ የሚፈቀድለት ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 ብቻ ነው። ሪሆቦዝ ከሜይ 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 ይከለክላል። በሌበር ደይ ሰሞን እንግዲህ ሁለቱም ዝግ ናቸው፤ «ትንሽ እኮ ነው፣ ታቅፌው ነው የምቀመጠው» የሚለው ልመናም አይሠራም።

ከሪሆቦዝ ቀጥላ በስተደቡብ ያለችው ዱዊ ቢች ትሻላለች። እዚያ ከሜይ 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ባለው ጊዜ ጠዋት ከ9፡30 በፊትና አመሻሹ ላይ ከ5፡30 በኋላ ውሻ ይፈቀዳል። (ሰዓቱ በአሜሪካ አቆጣጠር ነው፤ እናት በሐበሻ እንዳይቆጥሩት።) ለውሻው ግን ከከተማዋ ፈቃድ መግዛት ግዴታ ነው።

ሌላው አማራጭ አሳቲግ ደሴት ነው። ፌዴራሉ በሚያስተዳድረው የሜሪላንድ ክፍል ውሻ 6 ጫማ በማይበልጥ ማሰሪያ ተይዞ መግባት ይችላል፤ ላይፍጋርድ (የዋናተኞች ጠባቂ) ባለበት የዋና ቦታ ግን አይፈቀድም። የደሴቲቱ ደቡባዊ ጫፍ የቨርጂኒያ ነው። እሱ የዱር እንስሳት መጠለያ ስለሆነ ውሻ መኪና ውስጥ ተቀምጦ እንኳ አይገባም። በአንድ ደሴት ሁለት ሕግ መሆኑ ነው፤ ስልካችሁ ላይ ያለው ካርታ ደግሞ ይህን አይነግራችሁም።

«ሰማዩ ጥርት ካለ ባሕሩም ሰላም ነው»

ደገኛ አየሩን የሚያነበው ከደመናው ነው፤ ለዝናብ ትክክል ነው። ባሕር ግን በላዩ ባለው ሰማይ ብቻ አይመራም። በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ የሚያልፍ አውሎ ነፋስ የገፋው ማዕበል፣ ፀሐይዋ ደምቃ ቀኑ ባማረበት ሰዓት ዳርቻው ላይ ይደርሳል። የአትላንቲክ የሀሪኬን ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ሲሆን የሚበረታው ሴፕቴምበር 10 አካባቢ፣ ልክ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። ኦገስት 2025 ላይ ሀሪኬን ኤሪን የአሜሪካን ምድር ሳይረግጥ ከጠረፉ ርቆ ሲያልፍ፣ የኒውዮርክ ከተማ ቢቾች ለዋና ተዘግተው ነበር።

ሰው የሚወስደው ሪፕ ከረንት የሚባለው ጅረት ነው። ማዕበሉ ወደ ዳርቻ የገፋው ውሃ መመለሻ ይፈልጋል። ከውሃው ሥር ካሉት የአሸዋ ክምሮች መካከል ጠባብ መውጫ ሲያገኝ በዚያ በኩል ተሰብስቦ ወደ ውቅያኖሱ ይሮጣል። አንዳንዴ ፍጥነቱ በሰከንድ 2.4 ሜትር ይደርሳል፤ ይህን የኦሊምፒክ ዋናተኛ እንኳ አይረታውም። ማዕበል ባላቸው የአሜሪካ ዳርቻዎች ላይፍጋርዶች ከሚያወጧቸው ሰዎች ከ100 ከ80 በላይ የሚሆኑት በዚሁ ጅረት የተያዙ ናቸው።

ክፋቱ መልኩ ያታልላል። ግራና ቀኝ ነጭ አረፋ እየተንደባለለ፣ መሃል ላይ ጠቆር ያለ፣ ጸጥ ያለ፣ ማዕበል የማይሰበርበት አንድ ቦታ ይታያል። እናት ይህን አይተው «ልጆቹን እዚያ ጋ አስገቧቸው፣ እዚያ ረግቷል» ይላሉ። ማዕበሉ የማይሰበረው ግን ቦታው ጥልቅ ስለሆነና ውሃው በዚያ በኩል እየወጣ ስለሆነ ነው። ቆም ብላችሁ ብታዩ አረፋውና ቆሻሻው በዚያ መስመር ወደ ውጭ ሲጓዝ ትመለከታላችሁ። ልጅ ከማስገባታችሁ በፊት ለጥቂት ደቂቃ ውሃውን ብቻ ማየት ከምታመጡት ዕቃ ሁሉ ይበልጣል።

«ወደ ታች ይጎትታል» የሚባለውም ስህተት ነው። የሚወስደው ከዳርቻው ወደ ውስጥ ነው፤ ሰው የሚሰምጠው ፊት ለፊት ታግሎት ሲደክም ነው። የተያዘ ሰው መጀመሪያ በጀርባው ተንሳፎ ትንፋሹን ይሰብስብ። ከዚያ ከዳርቻው ጎን ለጎን ይዋኝ፣ ከጅረቱ ሲወጣ በሰያፍ ይመለስ። ይህን ካልቻለ ተንሳፎ እጁን እያወዛወዘ ይጣራ። ለማዳን ብሎ ዘሎ ገብቶ እዚያው የቀረ ብዙ ነው፤ ስለዚህ የሚንሳፈፍ ነገር፣ ሌላው ቀርቶ ባዶ ኩለር፣ ወርውሩለትና 911 ደውሉ። ውሻው ከተወሰደ ደግሞ ተከትላችሁ አትግቡ፤ አብዛኛውን ጊዜ ውሻው ራሱ ዋኝቶ ይወጣል፣ የሚቀረው ባለቤቱ ነው።

ኦሽን ሲቲ ላይ ላይፍጋርዶች ወንበራቸው ላይ የሚቀመጡት ከ10፡00 እስከ 5፡30 ነው። ብዙዎቹ ተማሪዎች ስለሆኑ ክፍል ሲጀመር ይሄዳሉ፤ ከሌበር ደይ በኋላ በአንዱ ወንበርና በሌላው መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል። ባዶ ወንበር ፊት ለፊት ምንጣፍ ከማንጠፍ ትንሽ በእግር ሄዶ ሰው ያለበትን መፈለግ ነው።

«ላንጋኖ ዋኝቻለሁ፣ ይሄ አያቅተኝም»

ላንጋኖ ሐይቅ ነው፤ ማዕበል አንስቶ አያፈርጥም። ኦሽን ሲቲ ላይ ውሃው ገና ጉልበት ሳይደርስ ማዕበሉ አሸዋው ላይ ይሰበራል፤ እዚያ የሚደርሰው አደጋ የአንገትና የአከርካሪ ነው። በጭንቅላት ዘሎ መግባት አይገባም፣ ለማዕበልም ጀርባ አይሰጥም። ነጠላቸውን ከፍ አድርገው እግራቸውን የሚነክሩ እናት ፎቶ ለመነሳት ወደ ልጃቸው ዞር ሲሉ ነው ማዕበሉ ከኋላ የሚጥላቸው። ፎቶ አንሺው ውሃው ውስጥ ይቁም፤ እሳቸው ፊታቸውን ወደ ባሕሩ ያድርጉ። ስለ ልጆቹ ፕላስቲክ ጎማ ደግሞ ብዙ አይባልም፦ ከየብስ የሚነፍስ ነፋስ እንደ ሸራ ይዞት ይሄዳል።

«እኛን ፀሐይ አያቃጥለንም፣ የመጣነው ከ13 ወር ፀጋ ነው»

ይህ በጣም ሥር የሰደደ ነው፤ ግማሽ እውነት ስላለበትም ይመስለኛል የማይነቀለው። ሜላኒን፣ ማለትም ቆዳን የሚያጠቁረው ቀለም፣ በእርግጥ ይከላከላል፤ ለጠቆረ ቆዳ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግምት ኤስፒኤፍ (ከፀሐይ የመከላከል መጠን) 13 አካባቢ ነው። የቆዳ ሐኪሞች የሚመክሩት ግን ቢያንስ 30 ነው። ባሕር ዳር ደግሞ ጨረሩ ከላይ ብቻ አይመጣም። አሸዋው 15 በመቶ ያህሉን፣ የባሕር አረፋ 25 በመቶ ያህሉን ወደ ፊታችን ይመልሰዋል። ጃንጥላ ሥር የዋለ ሰው ማታ አፍንጫው የሚላጠው ለዚህ ነው። የእኛ ሰው ቃጠሎው እንደ ፈረንጅ በመቅላት አይታይበትም። ማታ ሻወር ውስጥ ትከሻው ሲለበልበው፣ በሳምንቱ ሲላጥ ነው የሚገባው።

ካንሰርን በተመለከተ ሐቁን እንነጋገር። በጥቁር ሰው ላይ ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ብርቅ ነው፤ ሲመጣም ብዙ ጊዜ በመዳፍ፣ በውስጥ እግርና በጥፍር ሥር ነው፤ ይህ ዓይነቱ ደግሞ ከፀሐይ ጋር እምብዛም አይያያዝም። ስለዚህ እግር ሥር የማይጠፋ ጥቁር ነጥብ ያለው ሰው ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ቅባት) ተቀብቻለሁ ብሎ አይተወው፤ ይታይ። ለእኛ የሰንስክሪን ትልቁ ጥቅም ሌላ ነው፦ ማድያት። ከእርግዝና በኋላ ጉንጫቸው ላይ ማድያት የወጣባቸው ሴቶች ለክሬም ብዙ ገንዘብ ያወጣሉ፤ ከዚያ አንድ ቅዳሜና እሁድ ባሕር ዳር ያለ መከላከያ ውለው ሁሉንም ወደ ነበረበት ይመልሱታል። ማድያትን የሚያባብሰው በዓይን የማይታየው ጨረር ብቻ ሳይሆን የሚታየው ብርሃንም ስለሆነ፣ አይረን ኦክሳይድ ያለበት ቀለማም ሰንስክሪን ከተራው ይሻላል። ፊትን አመድ የነፋበት አያስመስልም፤ ብዙዎቻችን ሰንስክሪን የጠላነው በዚያ ነጭ መልኩ ነውና ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በየሁለት ሰዓቱና ከውሃ በተወጣ ቁጥር ይደገማል።

ለውሻው ግን የእናንተን አትቀቡት። ዚንክ ኦክሳይድ ያለበትን ከላሰ ይመረዛል። አፍንጫው ሮዝ ለሆነ ውሻ ለውሻ ተብሎ የተሠራ አለ፤ ከሁሉም የሚሻለው ግን ጥላ ነው። ጸጉሩን ሙልጭ አድርጎ መላጨትም አያቀዘቅዘውም። ውሻ ሙቀት የሚያወጣው በዋናነት በማለክለክ ነው፣ ጸጉሩ ደግሞ ቆዳውን ከፀሐይ ይጋርድለታል።

«የጨው ውሃ ቁስል ያደርቃል»

ቤት ውስጥ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃና ጨው ቁስል ማጠብ ሌላ፣ በኦገስት የሞቀ ባሕር ውስጥ የቆሰለ እግር መንከር ሌላ። ቪብሪዮ የሚባሉ ባክቴሪያዎች የሚወዱት ልክ ይህን ነው፦ የሞቀ፣ ጨውነቱ መካከለኛ የሆነ ውሃ። ቼሳፒክና ከኦሽን ሲቲ ጀርባ ያሉት የባሕር ወሽመጦች በበጋው መጨረሻ እንዲህ ናቸው። ሕመሙ ብዙ ሰው ላይ አይደርስም፤ የስኳር ወይም የጉበት ሕመም ያለበትን ሰው ሲያገኝ ግን በሰዓታት ውስጥ ይከፋል። ስኳር በየቤታችን ስላለ ነው ይህን የማነሳው። «ለእግሬ ጥሩ ነው» ብለው የተሰነጠቀ ተረከዛቸውን ሊነክሩ የሚነሱ አባት ካሉ፣ ውሃ በማያስገባ ፕላስተር ካልተሸፈነ በስተቀር ወንበራቸው ላይ ቢቆዩ ይሻላል። ቁስሉ ዙሪያ ከቀላ፣ ካበጠ፣ ውሃ ከቋጠረና ትኩሳት ከመጣ የነገን ሐኪም ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱና «የባሕር ውሃ ነክቶታል» ብላችሁ ተናገሩ።

«ውሻው ውሃ ፈራ፣ አብዷል ማለት ነው»

ልጁ ኳሱን ወደ ውሃው ይወረውራል። ውሻው ይሮጣል፣ ማዕበሉ ሲመጣ ጭራውን እግሩ መሃል ከቶ ወደ ኋላ ይሸሻል። እንደገና ይሞክራል፣ እንደገና ይሸሻል። ከጃንጥላው ሥር እናት ዓይናቸውን አልነቀሉም።

«ልጄ፣ ይሄ ውሻ ጤናው ነው? ውሃ ፈራ እኮ።»

«እማዬ፣ ማዕበሉን ነው የፈራው።»

«የእብድ ውሻ ምልክቱ ሌላ ምን ሆነና! ልጆቹን ከሱ ጋ አትተዊያቸው።»

ለእናት ፍርሃት ክብር ይገባል። ኢትዮጵያ ውስጥ የእብድ ውሻ በሽታ ዛሬም ሰው ይገድላል፤ በልጅነቱ ሰፈር ውስጥ የተነከሰ ሰው ያላየ ጥቂት ነው። ምልክቱ ግን ተምታቷል። ውሃ ሲያይ የሚንቀጠቀጠው በሽታው የያዘው ሰው ነው፤ ለመዋጥ ሲሞክር ጉሮሮው ስለሚኮማተርበት። ውሻ ላይ የሚታየው የጠባይ መለወጥ፣ ያለ ምክንያት መናከስ፣ መንጋጋ መውደቅ፣ መዋጥ አቅቶት ለሃጭ መዝረብረብ ነው። ያበደ ውሻ ውሃ ውስጥ ሊራመድም ይችላል። ስለዚህ ይህ አባባል በሁለት በኩል አደገኛ ነው፦ ጤነኛውን ያስጠረጥራል፣ የታመመውን «ውሃ ጠጣኮ» ብሎ ነጻ ያወጣል።

ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፈው ዓይነት ከአሜሪካ መጥፋቱ በ2007 ታውጇል። በሽታው ግን በራኩን፣ በቀበሮ፣ በስከንክና በሌሊት ወፍ ላይ አለ፤ ሜሪላንድ ውስጥም እንዲሁ። ለዚህ ነው ክትባት በሕግ የሚጠየቀው። የክትባት ወረቀቱን ፎቶ ስልካችሁ ላይ ያዙ። እንስሳ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠብ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሐኪም።

«ውሻ ሲባል ዋና ያውቃል»

ቡልዶግና ፓግ አያውቁም። ደረታቸው ከባድ፣ አፍንጫቸው አጭር ስለሆነ ቶሎ ይሰምጣሉ። እግረ አጭሩ ዳክስሁንድም ይደክማል። እጀታ ያለው የውሻ ላይፍ ጃኬት ይገዛል፤ እጀታው ውሻውን እንደ ቦርሳ አንስቶ ለማውጣት ነው።

ከመስመጥ ይልቅ ብዙ ውሻ የሚታመመው ግን የባሕር ውሃ ጠጥቶ ነው። በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለ። የጠማው ውሻ ይልሰዋል፣ ኳስ በአፉ ባመጣ ቁጥርም ሳያውቀው ይውጠዋል። ጥቂቱ ተቅማጥ ነው፤ መኪናችሁ ውስጥ፣ ድልድዩ ላይ፣ መንገድ በተዘጋበት። ብዙው ማስታወክ፣ መንገዳገድ፣ መንቀጥቀጥ ያመጣል፤ ይህ ሲሆን የእንስሳት ሐኪም ጋ መሮጥ ነው። መከላከያው ቀላል ነው፦ የራሱ ሳህንና ንጹሕ ውሃ፣ በየጥቂት ደቂቃው እረፍት።

«ትንሽ ወጥ ምን ይለዋል? አገር ቤት ውሻ የሚኖረው በትርፍራፊ አይደል?»

እዚህ ላይ ከማንም ጋር ለመከራከር ዝግጁ ነኝ። አገር ቤት ውሻው ምን በልቶ በምን እንደሞተ ማን መረመረው? ጠዋት አጥሩ ሥር ተኝቶ ይገኛል፣ «በልቶት ነው» ይባላል፣ አለቀ።

ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳል። ጥሬውም፣ የበሰለውም፣ ደርቆ የተፈጨውም ያው ነው፤ ነጭ ሽንኩርት እንዲያውም ይብሳል። ጉዳቱ የሚጀምረው ውሻው ለሚመዝነው በእያንዳንዱ ኪሎ ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ሲበላ ነው። አሥር ኪሎ የምትመዝን ውሻ ከ150 ግራም ጀምሮ ትጎዳለች ማለት ነው፤ ይህ አንድ መካከለኛ ራስ ሽንኩርት ነው። አሁን የዶሮ ወጡን ድስት አስቡት። ያ ሁሉ ቁሌት ሟሙቶ መረቅ ሆኗል፤ አንድ ጭልፋ ስታወጡ ውስጡ ስንት ራስ እንዳለ አይታይም። ሽሮና በርበሬ ውስጥም ነጭ ሽንኩርቱ ተፈጭቶ ገብቷል፤ «ሽሮ ጾም ነው፣ አይጎዳውም» አይሠራም። ምልክቱ ደግሞ ያን ዕለት አይታይም። ከቀናት በኋላ፣ እናንተ ሥራ ገብታችሁ፣ ውሻው ይፈዛል፣ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል። ያን ጊዜ የባሕር ዳሩን ወጥ ማን ያስታውሰዋል?

የዶሮ አጥንት የባሰ ነው ባይባልም የሚያንስ አይደለም፤ የበሰለ አጥንት ሲሰበር እንደ መርፌ ይሰነጠቃል። ማንም የማይጠረጥረው ደግሞ የበቆሎ ቆሮቆንዳ ነው። በኦገስት በሩት 50 ዳር ገበሬዎች የሚሸጡት ጣፋጭ በቆሎ ሳይገዛ የሚያልፍ ሐበሻ አላውቅም። ተጠብሶ ይበላል፣ ቆሮቆንዳው አሸዋው ላይ ይጣላል፣ ውሻው ይውጠዋል። ሆዱ አይፈጨውም፤ አንጀቱን ይዘጋና ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል። ይህን ለመከላከል አንድ የሚዘጋ የቆሻሻ ከረጢት ይበቃል። ለውሻው መስጠት ካማራችሁ ባዶ እንጀራ ወይም ያለ ቅመም የተቀቀለ ሥጋ ያለ አጥንት ስጡት። ጉርሻ ከለመደ ግን ዓመቱን ሙሉ ከማዕዳችሁ አይለይም፤ እሱ የእናንተ ጉዳይ ነው።

«ቡናው ካለቀ ፍሙን አሸዋ ውስጥ ቅበረው»

አሸዋ ፍም አያጠፋም፤ ይሸፍነዋል እንጂ። የተቀበረ ከሰል ለሰዓታት እንደጋለ ይቆያል፣ ላዩ ደግሞ ከሌላው አሸዋ አይለይም። እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ በባዶ እግሩ የሚሮጥ የሰው ልጅ፣ ወይም የራሳችሁ ውሻ፣ ይረግጠዋል። ብዙ ቢቾች ላይ እሳት ጭራሽ ስለማይፈቀድ ቡናውን ኪራይ ቤቱ በረንዳ ላይ አፍልቶ በፔርሙዝ ይዞ መውጣት ይሻላል። አቦሉም ቶናውም በአንድ ፔርሙዝ መሆኑን ታላላቆች ይቅር ይሉናል። ድንኳን የለመደ ሰውም ይወቅ፦ ሪሆቦዝ ድንኳንና ዳስ አይፈቅድም፣ ጃንጥላ ብቻ።

«መስኮቱን ገርበብ አድርጌለታለሁ»

ውሻ የማያስገባ ምግብ ቤት ሲገጥም የሚባል ነው። ውጭው 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብቻ በሆነበት ቀን የመኪና ውስጥ በ10 ደቂቃ ወደ 32፣ በግማሽ ሰዓት ወደ 40 ይደርሳል። የተገረበበ መስኮት ይህን እምብዛም አይለውጠውም። አንዱ ከውሻው ጋር ውጭ ይቀመጥ፤ ተራ በተራ ብሉ።

ስለ ጄሊፊሽም አንድ ነገር፦ ሽንት አይረዳም። በባሕር ውሃ ማጠብ፣ የቀረውን ክር በወረንጦ ማንሳት፣ ከዚያ ቆዳ በሚችለው ሙቅ ውሃ መዘፍዘፍ ነው። ሞቶ አሸዋው ላይ የተጣለው ጄሊፊሽም ይናደፋል፤ ውሻ ደግሞ መጀመሪያ የሚያሸተው እሱን ነው።

«የአሳቲግ ፈረሶች ከስፔን መርከብ የተረፉ ናቸው፣ ለማዳም ናቸው»

የመርከቡ ታሪክ ያምራል፤ የታሪክ ማስረጃው የሚያመለክተው ግን ሌላ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የዋናው ምድር ባለ ከብቶች የአጥር ሕግና የከብት ግብር ለመሸሽ እንስሶቻቸውን ደሴቲቱ ላይ ለቀቁ፤ ዛሬ ያሉት የእነዚያ ዘሮች ሳይሆኑ አይቀሩም። ግብር ሽሽት መሆኑ ከመርከብ መሰበሩ ይልቅ ለእኔ ይጥመኛል። መንጋው ሁለት ሲሆን በሁለቱ ግዛቶች ድንበር ላይ አጥር ይለያቸዋል።

ለማዳ ግን አይደሉም። ይናከሳሉ፣ ይራገጣሉ፤ ሕጉ ቢያንስ 40 ጫማ፣ ማለትም 12 ሜትር ያህል ራቁ ይላል። «እኛ ፈረስ ለምደናል» ብሎ ዳቦ ይዞ መጠጋት ክልክል ነው። ውሻ ከያዛችሁ ደግሞ የበለጠ ራቁ፤ ውሻ ሲጮህ ፈረስ የሚመልሰው በኋላ እግሩ ነው። ወደ ደሴቲቱ ከመሄዳችሁ በፊት የመዥገርና በወባ ትንኝ በኩል የሚመጣውን የልብ ትል መከላከያ ለውሻው ስጡት፤ በኦገስት እዚያ ትንኙ ጉድ ነው።

«ከሌበር ደይ በኋላ ባሕሩ አለቀ»

ያለቀው የትምህርት ቤቱ ዕረፍት ነው። ውሃ ከአየር ዘግይቶ ይሞቃል፣ ዘግይቶም ይቀዘቅዛል። በሜይ መጨረሻ በሚውለው ሜሞሪያል ደይ ሁሉም ሰው ሲጣደፍ የኦሽን ሲቲ ውሃ 15 ወይም 16 ዲግሪ ነው፤ በኦገስት መጨረሻ 23 እና 24 ይደርሳል፤ በእንቁጣጣሽ ሰሞንም ከ20 በላይ ነው። የሆቴል ዋጋ ይወርዳል፣ የድልድዩም መጨናነቅ ይቀንሳል። ዱዊ ላይ የውሻ ሰዓት ገደቡ ሴፕቴምበር 15 ላይ ያበቃል። ኦክቶበር 1፣ አብዛኛውን ዓመት መስከረም 21፣ የግሸን ማርያም ዕለት፣ ኦሽን ሲቲና ሪሆቦዝ ለውሻ ይከፈታሉ። በዚያ ሰሞን ላይፍጋርድ ስለማይኖር ዋና አይታሰብም፤ ሹራብ ተይዞ የሚኬደው ቦርድዎኩ ላይ በእግር ለመንሸራሸርና ውሻውን ለማስሮጥ ነው።